«ካረን» ማን ናት? ስም ስድብ ሲሆን

በ2025 እንግሊዝ አገር፣ ዋትፎርድ ከተማ፣ የሠራተኞችን ክርክር የሚያይ አንድ ፍርድ ቤት የአንዲት ሴትን ክስ ውድቅ አደረገ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ስጠቅስ እናገራለሁ።) ከሳሿ በዘሬ ምክንያት መድልዎ ተፈጽሞብኛል ባይ ነበረች። የእሷ ወኪል ለፍርድ ቤቱ በጻፈችው ሰነድ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች «ካረን ሆኑባት» በሚል መንፈስ ገልጻቸዋለች። ሥልጣናቸውን መሣሪያ አድርገው ያልተሠራ ጥፋት ለጠፉባት ማለቷ ነው።

ጋዜጦቹ የተቀባበሉት ክሱን አልነበረም። ዳኛው በውሳኔያቸው ውስጥ ጣል ያደረጓትን አንዲት አስተያየት ነው። ጎልማሳ ነጭ ሴት ላይ የሚወረወረው «ካረን» የሚለው የአራዳ ቃል የሚያንቋሽሽ መሆኑን፣ ዘረኝነትን፣ የጾታ ንቀትንና በዕድሜ ማንጓጠጥን የሚታከክ መሆኑን ጻፉ።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። ግማሹ «ስም እንዴት ዘረኝነት ይሆናል?» አለ። ግማሹ «ቆይቷል፤ እንኳን ዳኛ ተናገረው» አለ። ክርክሩን ለተከታተለ ሰው ግን ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለ አንድ ቃል አይመስልም። እውነትም አይደለም። «ካረን» ሁለት ናት። አንደኛዋ ሱቅ ውስጥ ትጮኻለች። ሁለተኛዋ ፖሊስ ትጠራለች። ወኪሏ የጻፈችው ስለ ሁለተኛዋ ነበር። ዳኛው የሰሙት አንደኛዋን ይመስላል።

ቁልምጫው ከየት መጣ?

ካረን በመነሻዋ ቁልምጫ ናት። ዴንማርኮች ካታሪናን አሳጥረው ካረን ይሏታል፤ እኛ ተክለማርያምን ተክሌ፣ ገብረማርያምን ገብሬ እንደምንለው። ከስካንዲኔቪያ ስደተኞች ጋር አሜሪካ ገባች፤ እዚያ ራሷን የቻለች ስም ሆነች። በ1965 በአሜሪካ ለተወለዱ ሴቶች ከወጡት ስሞች በብዛት ሦስተኛዋ ነበረች።

ይህ ዓመት ዋናው ፍንጭ ነው። በ1965 የተወለደች ካረን በ2020 55 ዓመቷ ነው። ስሙ ከነጮች ቤተሰብ ውጭ ብዙም አይወጣም ነበር። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ «ካረን» ያለ ሰው፣ ዕድሜንም ጾታንም ዘርንም በአንድ ቃል ተናገረ ማለት ነው። ቀልደኛ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ሳያብራራ የሚገባ ስም።

እኛም ጋ ስም ዕድሜ ይናገራል። አብዮት የሚባል ሰው ከተዋወቅን በእኛ አቆጣጠር በ1966 ማግስት እንደተወለደ እንጠረጥራለን። አስካለ ስትባል አንዲት እናት በዓይናችን ትመጣለች። ሶልያና ሲባል ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናት ቦርሳ ያዘለች ልጅ። አስካለ የምትባል የ6 ዓመት ልጅ መኖሯ አይቀርም፤ ቀልዱ ውስጥ ግን አትገባም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። በአማርኛ «ከረን» ብለው የሚጽፉት አሉ፤ ባይሆን ይሻላል። ከረን የኤርትራ ከተማ ናት፤ በ1941 እንግሊዞችና ጣሊያኖች ክፉኛ የተዋጉባት። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ኬሬን የምትባል ጎረቤት አያጡም፤ እሱ ጨረር ማለት የሆነ የዕብራይስጥ ቃል ነው። ሦስቱ አይዛመዱም።

ከተጸውዖ ወደ ወል

ሰዋስው ስንማር የተጸውዖ ስምና የወል ስም ተብሎ ነበር። አበበ የተጸውዖ ነው፤ አንድ ሰው ይጠራበታል። «በግ» የወል ነው፤ በጎች ሁሉ ይጠሩበታል። አንዳንዴ ግን የተጸውዖው ስም ድንበሩን ይዘላል። «አበበ በሶ በላ» ሲባል አበበ ማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ ተማሪ የለም። ማንም ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛ በዚህ የታወቀ ነው። ዛሬ «ሰውዬ» ወይም «እናንተ ልጆች» ለማለት የሚጠቀሙበት «ጋይ» የሰው ስም ነበር። ጋይ ፎክስ በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ ከነንጉሡ በባሩድ ሊያነዱ ካሴሩት አንዱ ነው። ተይዞ ሞት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ጨርቅ የለበሰ አሻንጉሊት ያቃጥላሉ፤ አሻንጉሊቱን «ጋይ» ይሉታል። ውሎ አድሮ ቃሉ አለባበሱ የሚያስቅ ሰው መጠሪያ ሆነ። አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ስድቡ ረገፈና ማንኛውም ወንድ ሆነ። አሁን አንዲት አሜሪካዊት አምስት ሴት ጓደኞቿን በዚሁ ቃል ስትጠራቸው ከነፍሰ ገዳይ ሴራ ጋር የሚያያይዘው የለም።

የእኛው «ባንዳ» የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። በጣሊያንኛ ቡድን ወይም ጭፍራ ማለት ነው። ጣሊያኖች ከአገሬው ሰው የመለመሏቸውን ታጣቂዎች በዚህ ስም ጠሩ። አርበኛው ቃሉን ተቀብሎ ከሃዲ አደረገው። ቃል በሰዎች መሃል ባለ ጠብ ሲያልፍ እንዲህ ይከፋል። ጠቡ ከተረሳ ደግሞ እንደ «ጋይ» ይለዝባል። የካረን ጠብ ገና ትኩስ ነው።

አንደኛዋ ካረን፤ «ማናጀር ጥሩልኝ»

ትዕይንቱ ይህን ይመስላል። ሱፐርማርኬት ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ 19 ዓመት ቢሆናት ነው። ከፊቷ የቆመችው ሴት የቅናሽ ኩፖን ይዛለች። ቀኑ ትናንት አልፏል። ልጅቷ «ማሽኑ አይቀበለውም» ትላለች። ሴትዮዋ ድምፅዋን ትጨምራለች። ከኋላ ሰልፉ ይረዝማል። የኩፖኑ ዋጋ አንድ ዶላር አይሞላም። መጨረሻ ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ «ማናጀሩን ጥሪልኝ»።

የፀጉር አቆራረጥ ሳይቀር ተመድቦላታል። ከኋላ አጭርና ቆመጥ ያለ፣ ከፊት ወደ አገጭ የሚወርድ፣ ጫፉ ፈካ ያለ ቀለም የተቀባ። መጀመሪያ ሰው የሚያሾፈው በዚህ ፀጉር ነበር፤ ስሙ ገና አልተጨመረበትም። ሚም የሚባለው ነገር ነው፤ ሰው ከሰው እየተቀባበለ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት የኢንተርኔት ቀልድ።

ስሙን ከፀጉሩ ጋር ያጋባው አንድ ሰው ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ግን የታወቀ ታሪክ አለ። አንድ ሰው ልጆቼንም ቤቴንም ወሰደችብኝ እያለ ካረን የምትባል የቀድሞ ሚስቱን በየቀኑ ይራገም ነበር። ምሬቱ ከመጠን ከማለፉ የተነሣ ያስቅ ጀመር። በ2017 መጨረሻ ላይ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጽሑፎቹን የሚያሰባስብ ገጽ ከፈተ። ቆይቶ ሰውየው ተረሳ፤ ካረን ቀረች። የአንዲት ሚስት ስም የብዙ ሰው መቀለጃ ሆነ።

ይህችን አንደኛዋን ካረን ስናይ ዳኛው ያሉት ስሜት ይሰጣል። የሚሾፍባት ሴት ስለሆነች፣ ስላረጀች፣ ፀጉሯን እንዲያ ስለተቆረጠች ነው። ኩፖን ይዞ የሚጮኽ ወንድም አለ። እሱ ግን ስም የለውም። ለወንዱ ኬን፣ ኬቪን፣ ግሬግ፣ ቴሪ እየተባለ ተሞክሯል፤ አንዱም እንደ ካረን አልያዘም። ሴት ስትቆጣ ነገረኛ፣ ወንድ ሲቆጣ ቁጡ የሚባልበት አገር የእኛ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛዋ ካረን፤ «ፖሊስ እጠራለሁ»

በኤፕሪል 2018 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ጥቁር ወንዶች ሥጋ ይጠብሳሉ። አንዲት ነጭ ሴት በዚህ ቦታ ከሰል አይፈቀድም ብላ ፖሊስ ጠራች። ቪዲዮው ወጣ። ኢንተርኔቱ «ባርቢኪው ቤኪ» አላት። በዚያው ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት የ8 ዓመት ጥቁር ልጅ መንገድ ዳር ውኃ ስትሸጥ ሌላ ሴት ስልኳን አወጣች። እሷ ደግሞ «ፐርሚት ፓቲ» ተባለች፤ ፓቲ ፈቃድ ጠያቂዋ እንደማለት። ያን ጊዜ ለእያንዳንዷ ለየብቻ ስም ይወጣ ነበር።

ስሞቹን ሁሉ ወደ አንድ የጠቀለላቸው ሜይ 25፣ 2020 ነው። ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ፣ ራምብል የተባለው ደን የበዛበት ክፍል። ውሻ ያለ ማሰሪያ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ወፎች ያርፉበታል። ክርስቲያን ኩፐር የተባለ ጥቁር ሰው ወፎች ሊያይ ወጥቷል። አንዲት ነጭ ሴት ውሻዋን ለቃለች። እሰሪው አላት። አለመግባባቱ ተካረረ፤ እሱ በስልኩ መቅረጽ ጀመረ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ፖሊስ እንደምትጠራና «አንድ አፍሪካ አሜሪካዊ ሕይወቴን እያስፈራራ ነው» ብላ እንደምትናገር ነገረችው። ከዚያ ደወለች።

ሰውን ያስደነገጠው የዛቻው አቀማመጥ ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል፤ ማወቁንም ታውቃለች። በዚያው ቀን ማምሻውን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። ሁለቱ ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ተሰራጩ። አንዱ ስልኩ ሲደወል ያሳያል፤ ሌላው ፖሊስ ሲመጣ ምን እንደሚከተል።

ሴትዮዋ በማግስቱ ከሥራ ተባረረች። በሐሰት ሪፖርት ተከሰሰች፤ ስለ ዘር የሚያስተምር የምክር ፕሮግራም ጨርሳ በፌብሩወሪ 2021 ክሱ ተነሣላት። ኩፐር ራሱ ከዐቃቤ ሕግ ጋር አልተባበረም፤ የደረሰባት ይበቃታል ባይ ነበር። ስሟ ካረን አልነበረም። በቪዲዮ ከታወቁት «ካረኖች» አብዛኞቹ ካረን አይባሉም።

የቃሉ ክብደት የሚመጣው ግን ከ2020 በፊት ካለ ታሪክ ነው። በ1955 ከቺካጎ ሚሲሲፒ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ኤሜት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ፣ ሱቅ ውስጥ የአንዲት ነጭ ሴትን ክብር ነክቷል ተብሎ ከአልጋው ተወስዶ ተገደለ። ገዳዮቹ በነጻ ተለቀቁ፤ ከወራት በኋላ መግደላቸውን ራሳቸው ለመጽሔት ተናገሩ። በእንዲህ ያለ አገር የነጭ ሴት ክስ ለጥቁር ወንድ የሞት ወረቀት ሊሆን ይችል ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ለዚህች ሴት የቆየ ስም አላቸው፤ «ሚስ አን» ይሏታል። አለቃ ሳትሆን እንደ አለቃ የምታዝ፣ የምትፈራ። ለእነሱ ካረን አዲስ ቀልድ አይደለችም። የሚስ አን የልጅ ልጅ ናት።

ቃሉ ሕግ ላይ ሲጻፍ

ሳን ፍራንሲስኮ በ2020 ቃሉን ወደ ሕግ አስገባችው። የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሻማን ዋልተን ያቀረበው ደንብ፣ በዘር ጥላቻ ተነሣስቶ ወደ 911፣ ወደ አስቸኳይ እርዳታ መጥሪያው ስልክ፣ በሐሰት የደወለ ሰው በተበዳዩ እንዲከሰስ ይፈቅዳል። ደንቡ ረጅም ስም አለው፤ የቃላቱ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ ግን «ካረን» ይሆናሉ። የፊደል ልዩነት አለው፤ በ«ኬ» ሳይሆን በ«ሲ» ይጻፋል። በኦክቶበር 2020 ጸደቀ።

ካረን የሚባሉ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። አንድ ምክር ቤት በስምህ ጥፋት ቢሰይም እንደማለት ነው። ለከተማዋ ግን ስሙ ጥቅም ነበረው፤ ያንን ረጅም ርዕስ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ማን ትክክል ነው?

በኤፕሪል 2020፣ ከሴንትራል ፓርኩ ቪዲዮ በፊት፣ የእንግሊዟ የሴቶች መብት ተሟጋች ጁሊ ቢንደል ቃሉ ሴትን መጥላትና የመደብ ንቀት አለበት ስትል በትዊተር ጻፈች። ብዙ ሰው ተነሣባት። የተቃዋሚዎቿ ክርክር ቀላል ነው፤ ስድብ የሚያቆስለው ከላይ ወደ ታች ሲወረወር ነው፤ ካረን ደግሞ ከታች ወደ ላይ የተወረወረች ናት። ካረን የተባለች ሴት በስሟ ምክንያት ቤት አይከለከላትም፤ ፖሊስም አያስቆማትም።

ስለ ሁለተኛዋ ካረን ከሆነ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ያ ቃል አንድን ድርጊት ስም ሰጠው፤ ስም ሳይኖረው በፊት ተበዳዩ «ተሳስተህ ነው» ይባል ነበር። ስለ አንደኛዋ ከሆነ ግን ቢንደል ያለችው ክብደት አለው። ገንዘብ ተቀባይዋ ላይ መጮህ ነውር ነው፤ ነውሩን ለመናገር ግን ዕድሜና ፀጉር መቁጠር አያስፈልግም።

ችግሩ ሁለቱን መለየት እየቀረ መምጣቱ ነው። በኮቪድ ጊዜ ማስክ አላደርግም ብላ ሱቅ ውስጥ የምትጮኽ ሴት ካረን ተባለች። ማስክ አድርጉ እያለች ሰው የምትቆጣም ካረን ተባለች። ሁለት ተቃራኒ ነገር የሚጠራበት ቃል የሚነግረን ስለ ድርጊቱ አይደለም። «ይህች ሴት አናደደችኝ» ከማለት አያልፍም። ከዚያ በኋላ የሆስፒታል ቢሏ ስህተት መሆኑን በትህትና የምትጠይቅ ሴት እንኳ «ካረን እንዳልመስል እንጂ» እያለች መግቢያ ታበጅለታለች።

ስሙም ደክሟል። በአሜሪካ የሕፃናት ስም ደረጃ በ2019 660ኛ የነበረችው ካረን በ2020 ወደ 831ኛ ወርዳለች። ሁሉንም በቀልዱ ማሳበብ ግን ልክ አይሆንም፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ ስትወርድ የኖረች ስም ናት። ወላጅ ለአራስ ልጁ የአክስቱን ዘመን ስም አያወጣም።

የካረን የሥጋ ዘመዶች

ጀርመኖች «ኬቪን» አላቸው። በ1990ዎቹ ከአሜሪካ ፊልሞች ጋር የገባ ስም ነው፤ ልጆቻቸውን ኬቪን ያሉት ደግሞ በብዛት ያልተማሩና ድሃ የሚባሉ ወላጆች ናቸው ተብሎ ተወራ። በ2009 የኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ስለ ተማሪዎች ስም ጠይቆ ነበር። አንድ መምህር «ኬቪን ስም አይደለም፤ የምርመራ ውጤት ነው» ብሎ መለሰ። እዚህ ላይ ሳቁ የሚያርፈው ገና ፊደል በሚቆጥር ልጅ ላይ ነው።

በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤል አንባቢዎች ደግሞ «ፍሬኻ»ን ያውቋታል። ከሞሮኮ የመጡ አይሁድ ሴቶች ስም ነበር፤ ደስታ ማለት ነው። በዕብራይስጥ ስድብ ሆነ፤ ጯኺ፣ ያልተማረች፣ አለባበሷ የማያምር ሴት። የሰሜን አፍሪካ እናቶች ለልጆቻቸው ያወጡት ደስታ በቴል አቪቭ መንገድ ላይ ማፈሪያ ሆነ። ካረን ውስጥ ያየነው የላይኛውን ክፍል ሰው በስሙ የመሳደብ ነገር ነው፤ ፍሬኻ ውስጥ የላይኛው ክፍል የታችኛውን በስሙ ሰደበው። ሁለቱን እኩል ማየት ይከብዳል።

አማርኛ ውስጥ ስትገባ

ካረን አማርኛ ውስጥ ስትገባ ግማሽ አካሏን ጉምሩክ ላይ ትታ የምትገባ ይመስለኛል። የሚሲሲፒ ታሪክ፣ ሚስ አን፣ 911፣ ይህ ሁሉ ይቀራል። የሚገባው ፀጉሩና ጩኸቱ ነው። ለዚያ ደግሞ ቃል አላጣንም፤ ጨቅጫቃ አለን፣ ነገረኛ አለን፣ ምላሰኛ አለን። ለሁለተኛዋ ካረን የቀረበው የእኛ አገላለጽ «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» የሚለው ነው። እሱን የሚናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴት አይደለችም። ከቪኤይት መኪና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለትራፊክ ፖሊሱ የሚያንባርቅ ሰውዬ ነው። ያ ሰውዬ ስም አልወጣለትም።

ስለዚህ ማን፣ የት ሆኖ እንደተናገረው ማየት ይበጃል። ዋሺንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ጥብሱ ቀዝቅዞ መጣ እንበል። ልጅቷ አስተናጋጁን ጠርታ «ይሄ ቀዝቅዟል፤ ታሞቁልኛላችሁ?» ትላለች። ወንድሟ «ኧረ ካረን አትሁኚ!» ይላታል፤ ጠረጴዛው ይስቃል፤ ልጅቷ ቀዝቃዛውን ጥብስ ትበላለች።

እዚያው ዋሺንግተን አካባቢ ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ሰው ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ አንዲት ካረን ገጥማኝ» ይላል። መኪናዬን ጭረሃል ብላዋለች። ጭረቱ ዝጓል፤ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። «ታያለህ፤ አለቃህን ነው የማናግረው» ብላ ስሙን ከደረቱ ላይ አንብባ ስልኳ ላይ ጻፈች። እሱ «እሺ እመቤቴ» ከማለት በቀር የሚለው አልነበረውም። አሁን የሚያስበው ስለ ቅዳሜው ሺፍት ነው።

ባለቤቱ ቡናውን እየቀዳች «ለአለቃህ ቀድመህ ነግረኸዋል?» ብላ ትጠይቀዋለች።